ከማኪና የታየ ገብስ

ወገራ መርጦኝ አዲስ አበባ ምክር ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በረዶ የአገሬን ገብስ ከአፈር ደባለቀው። ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፈም። የዘር እህል እንዲላክልን ተነሥቼ አመለከትሁ፤ ሰሚ እስካገኝ ዓመት ሞላ። በመጨረሻ "መጀመሪያ ይጣራ" ተባለና ከአንድ አጣሪ ጋር በማኪና ወረድን።

ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ስንል የመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው።

"ይኸ ገብስ አይደለም እንዴ?" አለኝ አጣሪው በመስኮት እያየ።

"ገብስ ነው" አልሁት፤ ደስ ብሎኝ! እዚያው ጻፈው።

ቀዬአችን ስንደርስ ጭስ የሚወጣው ከሦስት ቤት ብቻ ነበር። ያባቴን ባልንጀራ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ደጃቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። "እንኳን ማሳው ሸጋ ሆነላችሁ" አልኋቸው። ቀስ ብለው ተነሡና ከማሳው አንድ እግር ነቅለው አስያዙኝ። ሲናር ነው፤ ገብስ የሚመስል፣ ጦም ያደረ መሬት ላይ ሳይዘሩት የሚበቅል አረም። የወገራ ገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ይኸን መለየት ጠፋኝ!

"ምነው ልጄ፣" አሉኝ፣ "ዘር የለንም ብለን ልከንህ፣ ምኑን የዘራነው መሰለህ?"

አጣሪው የጻፈውን እንዲሰርዝልኝ ለመንሁት።

"የአገሩ ሰው መስክሯል" አለና ቦርሳውን ዘጋ።