ውሃ የጠጣው ጊታር

ሰፈሩ ጊታር ሠሪዋን «እንቢ ባይዋ» ይላታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት በልጅነቷ ነው፤ አባቷ «ጊታር መሥራት የሴት ሥራ አይደለም» ሲሏት እንቢ ብላ መጋዙን ያነሣች ጊዜ። አባትየው በኋላ ኮሩባት። እጇ ከታላቅ ወንድሟ እጅ እንደሚበልጥ ወንድምየው ራሱ ያውቃል፤ ከአፉ ግን በጉጠትም አይወጣም።

አባታቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱ በአንዲት ጠባብ ቤት ሲጠርቡ፣ ሲያጣብቁ፣ በቲነር የቀጠነ ቫርኒሽ ሲቀቡ ኖሩ። ዘንድሮ የእሷ ደረት አልችልም አለ። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገራት፦ «ወይ የቲነሩን ሽታ ተዪ፣ ወይ ሥራውን።» ወንድሟም ያስላል፤ እሱ ግን የእንጨት ብናኝ ነው ባይ ነው።

ሥራውን ልትተው? «ሞቼ ነው ቆሜ!» ብላ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ገዝታ መጣች።

«እንጨትና ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው የተዋደዱት?» አለ ወንድሟ። «አንድ ጊታር እሰጥሻለሁ። ካበላሸሽው የሥራ ቤቱን ቁልፍ አስረክበሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

«እሺ ወንድም ጋሼ። ቁልፉን ግን ከእጄ አታገኘውም።»

ቸኩላ ቀባችው። ሲደርቅ ውሃው የእንጨቱን ቃጫ አስነሥቶት፣ የጊታሩ ሆድ የሦስት ቀን ጺም ሆኖ ይኮሰኩሳል። ወንድሟ ዳበስ አደረገውና «ምላጭ ላምጣልሽ?» አላት። እንባዋ መጣባት፤ ከንዴቷ ጋር ዋጠችው።

«ገና አልጨረስኩም!»

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ፍቃ ባዶ እንጨቱ ላይ ደረሰች። ውሃ ሲነካው መነሣቱ ካልቀረ፣ ሳልቀባው ይነሣና ይውጣለት አለች። በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፤ ቃጫው ተነሣ። አድርቃ ፋቀችው። ደግማ አረጠበች፣ ደግማ ፋቀች። በሦስተኛው እንጨቱ የሚነሣበት አቅም አጣ። እሾህን በሾህ ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ጧት መቀባት ስትጀምር ወንድሟ ሽንፈቷ እንዳያመልጠው በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወተት ቀባሽው እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ቫርኒሹ ሲቀባ ነጭ ነበር።

«ቁጭ በልና እይ።»

ነጩ ቀስ እያለ ጠፋ፤ የእንጨቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ስስ አድርጋ ደረበችበት፣ ሲደርቅ ደግማ ደረበች። አመሻሽ ላይ ወንድሟ ጊታሩን ተቀብሎ አገላበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ወደ መስኮቱ አዘነበለው። እንከን ፍለጋ ያልሄደበት ቦታ አልነበረም።

«ለስልሷል» አለ በግድ።

«እሱን ተወው። ወንድም ጋሼ፣ ከጧት ጀምሮ አጠገቤ ነህ። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳልክም።»

 እጁ ሳያስበው ደረቱ ላይ ሄደ። ተነሣ፤ ከግድግዳው ላይ ያልተቀባ ሌላ ጊታር አወረደና ብሩሹን በእሷ ቫርኒሽ ውስጥ ነከረ።

እጁን ቀብ አደረገችው።

«እንቢ! መጀመሪያ አርጥበው።»