መንገዱን ማን ሠራው?

ሰውየው ጎረቤቴ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ግንበኛ ነበር። ሰፈሩ «ቱንቢ» ይለዋል። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚፈትኑባት፣ ጫፏ ላይ ክብደት የተንጠለጠለባት ገመድ ናት። ስሙ የወጣለት በሙያው ብቻ አይደለም፤ በጠባዩም ነው። አሠሪው «እዚህ ጋ ዝም ብለህ ብታልፈው ማንም አያየውም» ሲለው፣ «እኔ አይቼዋለሁ» ብሎ መዶሻውን ሰብስቦ የወጣባቸው ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ይሄ ሰውዬ የተጋባው ከግድግዳ ጋር ነው፤ እኔ ለምስክርነት ተጠርቼ ነው የቀረሁት» እያለች ታስቀን ነበር።

አንዲት ልጅ አለችው። በሕፃንነቷ ታማ ግራ እግሯ ስለሰለለ በክራንች ትሄዳለች። ከሰፈራችን ቁልቁል፣ ታችኛው አስፋልት ዳር ካለ ልብስ ስፌት ቤት የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች። እዚያ መሥራት ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ወደ ሥራዋ የምታደርሳት በሁለት አጥር መካከል ተጠማዝዛ የምትወርደው የእግር መንገድ ነበረች። «ነበረች» ብዬ የጻፍኩት ጥርሴን ነክሼ ነው።

መንገዷ ከሁላችንም ትቀድማለች። እኔ ለሰፈሩ አዲስ ሆኜ ስመጣ ጭቃ ነበረች፤ ዝናብ ከጣለ ሰው ታች የሚደርሰው በእግሩ ሳይሆን በመቀመጫው ነው ይባል ነበር። ልጅቷ ሥራ ያገኘች ሰሞን አባቷ ወርዶ መንገዷን አያት። ተመልሶም ልጁን ግድግዳ አስደግፎ አቆማት።

«እግርሽን አንሺ።»

አነሳች።

«እንደሱ አይደለም፤ ዳሌሽን ሳታወዛውዢ።»

እንደገና አነሳች። ከወለሉ እስከ ጫማዋ ሥር ያለውን በእጁ ለካው፤ አንድ ጋት ከአንድ ጣት ሆነ። የደረጃዎቹ ሁሉ ከፍታ እሱ ነው። መሐንዲስ ቢሰማው ይስቅ ይሆናል፤ መጽሐፍ ላይ ያለው ደረጃ ከዚያ ይረዝማል። ቱንቢ ከየግንባታው የተረፈ ድንጋይ በጀርባው እያመላለሰ፣ በእረፍት ቀኑ እየጠረበ፣ በአራት ዓመት መቶ አስራ ሁለት ደረጃ አነጠፈ። እዚህም እዚያም ማረፊያ አበጀላት። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ በዚያች እግር ልክ መራመድ ለመደ። እርጉዟም፣ ሽማግሌውም፣ ጄሪካን የተሸከመውም ቁና ቁና ሳይተነፍስ የሚወጣት ዳገት ሆነች። በደካማው አቅም ልክ የተሠራ ነገር ለሁሉም ይበቃል፤ ይህን ለማወቅ እኔ ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ እሱ የልጁን ጫማ ለክቶ ደረሰበት።

ባለፈው ዓመት የመንገዷ አፍ ላይ ማስታወቂያ ቆመ። ዘመናዊ መኖሪያ ቤቶች ስለሚገነቡ መተላለፊያው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይዘጋል ይላል። ከጽሑፉ በላይ የቤቶቹ ሥዕል አለ፤ ሣር፣ ዛፍ፣ ፊኛ የያዘች ሕፃን። ሥዕሉ ላይ የሚራመድ ሰው የለም፤ ሁሉም ባሉበት ቆመው ፈገግ ብለዋል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ተለዋጭ መንገድ ተጠቁሟል፤ ዋናውን አስፋልት ዞሮ በብረት ድልድዩ መሻገር። ድልድዩ በወዲህ ስልሳ አራት ደረጃ ይወጣል፣ በወዲያ ስልሳ አራት ይወርዳል። ቱንቢ ሜትሩን ይዞ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስንት ሆነ?» አልኩት።

«ከስንዝር ያልፋል። ለልጄ ደረጃ አይደለም፤ አጥር ነው።»

ማመልከቻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ተጎልቼበታለሁ። የተማረ ሰው ብዕር ሲያነሳ ጌጥ ይወዳል፤ እናም በእሱ አፍ ሆኜ «ይህን መንገድ ከምንም አንስቼ፣ በሁለት እጄና በራሴ ድንጋይ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ሳነብለት አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ከምንም አይደለም» አለኝ። «ጭቃዋ ነበረች፤ ሰው ይሄድባት ነበር።»

«እሱ ዝርዝር ነው ወንድሜ። ልብ የሚነካው ይሄኛው ነው።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አለና ፈረመ። ስንት አሠሪ ያላዘነበለውን ሰው እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አዘነበልኩት።

መልሱ ከማዘጋጃ ቤት በአስራ አንደኛው ቀን መጣ። አመልካቹ ራሱ እንዳረጋገጠው መተላለፊያው በግለሰብ ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ እንጂ የሕዝብ መንገድ ስላልሆነ፣ አቤቱታው ውድቅ ተደርጓል ይላል። የኔን ዓረፍተ ነገር ነጥቡን እንኳ ሳይስቱ ገልብጠውታል። ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በእነሱ፣ ቀጥሎ በራሴ።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ በር ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ልጅቷ ስትወጣ ከኋላዋ ሆነን ጠበቅናት። ክፍል ኃላፊው ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሳበልን። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አባባ፣ ሕጉ ቀላል ነው» አለ። «ሰው ድሮ ሲሄድበት የኖረ መንገድ ከሆነ አይዘጋም። አንድ ሰው የሠራው ከሆነ ግን የዚያ ሰው ነው፤ ያ ሰውም ፈቃድ ማሳየት አለበት።»

«ድሮም ነበረች እኮ!» አለች ልጅቷ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ።

«እሳቸው ሠራሁት ብለዋል እህቴ። ፊርማቸው ይሄው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጋንኜ ነው» አልኩ።

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

«ጎረቤታቸው።»

«ጎረቤት አመልካች አይደለም ጋሼ» ብሎ ወደ ቱንቢ ዞረ። «አንድ መላ አለ። አልሠራሁትም፣ እጄን አላስገባሁበትም ብለው ይፈርሙልኝ። ፋይሉን እንደገና እከፍተዋለሁ።»

ይህ ሰው ከሰፈሩ ቤት እኩሌታውን ገንብቷል፤ በአንዱም ላይ ስሙ የለም፤ በአንዱም አልኖረበትም። በዚህ ዓለም ላይ «ይሄ የኔ ነው» ሊል የሚችለው እነዚያን መቶ አስራ ሁለት ድንጋዮች ብቻ ነበር።

«አባዬ ተወው» አለች ልጁ። «በድልድዩ እሄዳለሁ። ተነስ እንሂድ።»

«ዝም በይ» አላት በለሆሳስ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። «አልሠራሁትም» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ፤ ፊደሎቹ እንደ ግንቡ ቀጥ ብለው ተደረደሩ። ፈረመ።

ወጣቱ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ግንባሩን አከከ።

«እንግዲህ የቱን ልመን? የዋሹት ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ» አለ ቱንቢ። «ያኔ ዋሽቼ ነው።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ቱንቢ በክርኑ ጎሸመኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው ያጥራል። አመልካቹ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ስለሰጠ ቃሉ እምነት አልተጣለበትም፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ሁለቱንም ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ማን ሠራው፣ በማን ፈቃድ፣ መቼ ዋሸ፤ ይሄ ሁሉ ተጠይቋል። «ዛሬ ሰው ይሄድበታል ወይ?» የሚል አንዲት መስመር የለችም። ለዚህች ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከወንበር ተነስቶ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረጃዋ አፍ መቆም ብቻ ይበቃ ነበር። ማንም አልቆመም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ፍትሕ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ፍትሕ የሚጎድለው በጭካኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ፣ «አባባ» እያለ የሚዘርፍ ትሕትና እንዳለ መጽሐፎቼ አልጻፉልኝም።

መንገዷ በወሩ መጨረሻ በቆርቆሮ ታጠረች። ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን በድልድዩ ሄዳ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት፤ ድሮ አስራ አምስት ደቂቃ ነበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት አዝና «ሥራውን ቤትሽ ልላክልሽ» አለቻት።

«ቤቴ ከተላከ እኔ የት እሄዳለሁ?» ብላ መለሰችላት። በማግስቱ ደግማ ሄደች።

አፍራሾቹ የመጡ ቀን ከቱንቢ ጋር አጥሩ ቀዳዳ ላይ ቆመን ነበር። ጣውላ ቤት የሚያፈርሱ መስሏቸው ሁለት ዲጅኖ ብቻ ይዘው መጥተዋል። እስከ እኩለ ቀን ሰባት ድንጋይ እንኳ አልነቀሉም። አንደኛው ላቡን እየጠረገ ወደኛ ቀረበ።

«አባባ፣ ይሄን ማን ነው እባክዎ የገነባው? ክንዳችንን ገነጠለው እኮ! ምን አቅምሶት ነው ያጣበቀው?»

ቱንቢ ድንጋዩን አየ፤ ሰውየውን አየ።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ፈርሜበታለሁ።»

ሠራተኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ለጓደኞቹም ነገራቸውና እነሱም ሳቁ። ቱንቢ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ እዚያው ቆመ። ከዚያ ልጁ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰና ወደ ብረት ድልድዩ አቀና።

በየቀኑ እንደዚያ ያደርጋል። ተሻግሮ በወዲያኛው ግርጌ ይጠብቃታል። እሷ ልሸከምሽ ቢላት እሺ አትልም፤ ክራንቿን ለእሱ ትሰጠውና በሁለት እጇ ብረቱን እየጎተተች ትወጣለች። ትናንት ከታች ሆኜ አየኋቸው። ሃያኛው ደረጃ ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ከኋላቸው ከሥራ የሚመለሰው ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፎ «እለፉ እንጂ! መንገድ ዘጋችሁ እኮ!» እያለ ይጮህባቸዋል።