ዛሬ አትበርም ያልኳት አውሮፕላን

ዛሬ ጠዋት የክንፏን መክደኛ ፈትቼ ጣቴን ሳስገባ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ከውጭ ቀለሟ ያብረቀርቃል።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነኝ። ይቺ በዕድሜ የምትበልጠኝ ትንሽ አውሮፕላን ከወልድያ ወጣ ካለው ሜዳ ተነስታ፣ መርሳ የሰፈረው አንበጣ ላይ መድኃኒት ልትረጭ ነበር። ሌላ አውሮፕላን የለም።

ክንፏ አየር ላይ ሊገነጠል ስለሚችል አትበርም ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ መርሳ ለሚያርሱት አጎቴ ለሰይድ ደወልኩ። ማሽላቸው ገና እሸት ነው።

"አጎቴ፣ አውሮፕላኗ አትመጣም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።"

"አላህ ያውቃል። እንግዲያው የሚጮህ ቆርቆሮ ካለህ ይዘህ ና" አሉኝ።

የክንፏን መክደኛ ይዤ ሄድኩ። (አለቃዬ ይህን ካነበበ ነገ እመልሰዋለሁ፤ ትንሽ ጎድጉዷል።)

እስኪመሽ ማሳው መሀል ስቀጠቅጠው ዋልኩ። አንበጣው ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ያርፋል። ሲመሽ የቀረው አገዳው ብቻ ነበር።

አጎቴ መዳፌን አይተው፣ "ደምቷል እኮ ልጄ፣ ታጠብ" አሉኝ። ውሃውን ያፈሰሱልኝም እሳቸው ናቸው።

ትክክል መሆኔን አውቃለሁ። ትክክለኛውን ሠርታችሁ፣ ቆጥቶ የሚያሳርፋችሁ ሰው ያጣችሁበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።