የጃቤዝ ሎክዉድ ሳንቲም

ቴልማ አክሮይድ ዕቃ ስትሸጥ ላያት ገዢ የምታባርር ትመስላለች። ሻይ ማፍያ ካቀረበች «ክዳኑ ሲከደን ይንቀጫቀጫል፤ ጆሮው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው፤ ውስጡንም ሻይ አቅልሞታል» ብላ ትጽፋለች። በእንግሊዟ ባርንስሊ ከተማ ገበያ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚቸረችረው ወንድሟ ኔቪል ይህን ባነበበ ቁጥር ራሱን ይይዛል። «እህቴ፣ ዕቃውን እየሸጥሽው ነው ወይስ እየከሰስሽው?» ይላታል። እሷ ግን ወይ ፍንክች! ሳያይ ሳይነካ ገንዘቡን ለሚልክ ሰው እንከን መደበቅ ከስርቆት አይተናነስም ባይ ናት።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው። ሰው ሲሞት የቤቱን ዕቃ ከወራሾቹ በጅምላ ትገዛለች፤ ኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ትወለውላለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ኢንተርኔት ላይ ትሸጣለች። በሌላው ነገር እጇ ሰፊ ነው። ካርቶን ላይ ግን ቋጣሪ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ካርቶን ገዝታ አታውቅም። ይህ የእሷ ብቻ አመል አይደለም። በእኛ በባርንስሊ ባዶ ካርቶን በገንዘቡ የሚገዛ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ጎረቤቶቿም የተረፋቸውን በራፏ ላይ ጥለውላት ይሄዳሉ።

በዚያ ሰሞን ከአንዲት ሟች ቤት ባመጣችው ሣጥን ውስጥ፣ ከአሮጌ መጋረጃ ሥር፣ የሙት ሳንቲም አገኘች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሞተ ወታደር ቤተሰብ መንግሥት የሰጠው፣ መዳፍ የሚሞላ ክብ ነሐስ ነው። ሳንቲም ስለሚመስል ሰዉ የሙት ሳንቲም አለው፤ በስሙ ውስጥ ባል ሰጥቶ ሳንቲም የተቀበለ ሰው ምሬት አለ። ማዕረግ የለበትም፣ ስም ብቻ። በዚህኛው ላይ ከፍ ከፍ ብለው በወጡ ፊደሎች «ጃቤዝ ሎክዉድ» ይላል። ሟቿ ከየገበያው የምትለቃቅም ሴት ስለነበረች ከማን እጅ እንደመጣ የሚያውቅ አልተገኘም።

ቴልማ እንደ ልማዷ ጭረቱን ሁሉ ዘርዝራ ለሽያጭ አወጣችው። ሬይሊን የምትባል ሴት ከኒውዚላንድ ወዲያው ገዛችውና እንዲህ ብላ ጻፈችላት፦ «እናቴ ዊኒፍሬድ የጃቤዝ ልጅ ናት። እሱ ፈረንሳይ ሲዘምት ገና አልተወለደችም ነበር። እናቷ ሌላ ባል አግብታ ሕፃኗን ይዛ ወደዚህ ስትሻገር፣ ሳንቲሙን ለጃቤዝ እናት ትታላት መጣች። እናቴ መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። ዓይኗ አያይም። የአባቷን ስም በጣቷ ዳስሳ ማንበብ ትፈልጋለች።»

ቴልማ ይህን አንብባ ዕንባዋ መጣ። ከዚያ ዕቃውን ለመንገድ ማሰናዳት ጀመረች።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ዕቃ ቴልማ በምትሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ድርጅት በኩል ሲሸጥ በቀጥታ አይላክም። ድርጅቱ መሀል አገር ላይ ትልቅ የማስተላለፊያ መጋዘን አለው፤ ሻጭ እስከዚያ ይልካል፣ መጋዘኑ ፈትሾ ባሕር ያሻግራል። ዕቃው የመጋዘኑን በር ካለፈ በኋላ ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ሻጭ ከደሙ ንጹሕ ነው። ቴልማ ሳንቲሙን በፎጣ ጠቀለለችና ካሏት ካርቶኖች ሁሉ ጠንካራውን መረጠችለት። የቀለም ማቅጠኛ የመጣበት ካርቶን ነበር። ጎኑ ላይ ያለውን የእሳት ምልክት ልጣ፣ አልለቅ ያለውን በአድራሻው ወረቀት ሸፈነችው። ታችኛው ገጹ ላይ ሌላ የእሳት ምልክት ነበር፤ እሱን አላየችውም።

ሳንቲሙ መጋዘኑ ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። ለቴልማ የመጣላት መልእክት አጭር ነበር። ዕቃው ለገዢዋ አይላክም፤ የገዢዋ ገንዘብ ተመልሷል፤ የእርስዎ ክፍያ አይነካም፤ ኃላፊነትዎን ተወጥተዋል፤ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም ይላል። ቴልማ ስልክ አነሳችና ደወለች። አንድ ጨዋ ወጣት መለሰላት።

«ካርቶኑ ላይ ተቀጣጣይ የሚል ምልክት አለ፣ እመቤቴ።»

«ውስጡ ያለው እኮ ነሐስ ነው! ነሐስ ሲቀጣጠል አይተህ ታውቃለህ?»

«እውነትዎን ነው። ግን መጋዘኑ የሚያየው ምልክቱን ነው።»

«እንግዲያው መልሱልኝ።»

«አይመለስም። ካልተላኩት ሌሎች ዕቃዎች ጋር በጅምላ ለነጋዴ ይሸጣል። እርስዎ ግን አይጨነቁ፤ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የእኛ ነው።»

«የእናንተ ከሆነ ለሴትዮዋ ምን ሰጣችኋት?»

«ገንዘቧን መልሰንላታል።»

«ስለ ገንዘቧ አልጠየቅሁህም» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ኔቪል በበኩሉ ነገሩ ምኑ እንደሚያበሳጭ አልገባውም። «ገዢዋ ገንዘቧን አገኘች፣ አንቺም ገንዘብሽን ይዘሻል። ማን ተጎዳ?»

«ዊኒፍሬድ ናታ!»

«በይ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። የተዘጋ ነገር አትቀስቅሺ።»

ቴልማ ለመጻፍ ሞክራ ነበር። እየጀመረች ሰረዘችው። ምን ብላ ትጻፍ? ካርቶን ላለመግዛት ብዬ የአባትሽን ስም አስቀረሁት ትበል? በእጇ የምትሰጠው ነገር ሳይኖር ባዶ ይቅርታ መላክ አሳፈራት፣ ዝም አለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ስሕተቷ ካርቶኑ አይደለም፣ ይኼ ዝምታ ነው። ካርቶኑንስ ማንም ያደርገዋል።

ዝም አለች እንጂ አልተወችውም። ጠዋት ጠዋት ከሻይዋ በፊት ኮምፒዩተሯን ከፍታ «ጃቤዝ ሎክዉድ» ብላ ትፈልጋለች። በጋው አለፈ፣ መኸሩ ገባ። የጦር ሙታን መታሰቢያ ቀን ሲቃረብ ሳንቲሙ ብቅ አለ! ከመጋዘን የተረፈ ዕቃ በጅምላ የሚገዛ አንድ የደቡብ እንግሊዝ ነጋዴ፣ ምን እንደያዘ ሳያውቅ «የግድግዳ ጌጥ፣ ነሐስ» ብሎ ለጨረታ አውጥቶታል። ፎቶው ላይ ስሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጨረታው የሚያልቀው እሑድ ምሽት ነው። በቀጥታ ይሽጡልኝ ብላ ብትጽፍለት መልስ አልሰጣትም።

እሑድ አመሻሽ ላይ ኔቪል ከመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ሲመለስ፣ በዚያ ቀን የሚደረገው ቀይ የወረቀት አበባው ኮቱ ላይ እንደተሰካ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ለሴትዮዋ ነግረሻታል?»

«ካሸነፍኩ በኋላ። ተስፋ ሰጥቼ ብሸነፍ ሁለተኛ ልገድላት ነው?»

መጀመሪያ ላይ ተጫራቾቹ በርከት ያሉ ነበሩ፤ ዋጋው ሲወጣ ሁሉም ተንጠባጥበው አንድ ሰው ብቻ ቀረ። የተጫራች ስም አይታይም፤ ሁለት ፊደልና ጥቂት ኮከቦች ብቻ ናቸው። ቴልማ ስትጨምር ያ ሰው ይጨምራል፤ ስትጨምር ይጨምራል።

«ይኼ የሙታን ስም እየለቀመ ግድግዳው ላይ የሚደረድር ሰው ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «የማያውቀው ሰው ስም ምን ያደርግለታል? እንዲህ ያሉ ሰዎች አይጠግቡም እኮ!»

«ያንቺው ቢጤ እልኸኛ ነው» አላት ኔቪል። «ኧረ ተይው እህቴ፣ ለክረምቱ ማሞቂያ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ነው።»

«ካፖርት እደርባለሁ። ልቀቅ! ልቀቅ እንጂ፣ አንተ የመቃብር ሌባ!» ብላ ኮምፒዩተሩ ላይ ጮኸች።

በዚህ ንግድ የቆየ ሰው ብልሃቱን ያውቃል፤ ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ሰኮንድ ሲቀረው፣ ሌላው ለማሰብ ጊዜ እንዳያገኝ፣ ያለህን ሁሉ ትጥልበታለህ። ቴልማም እንዲሁ አደረገች። ያኛው ሰው አልመለሰም። ኔቪል አቅፎ ሳማት፤ እሷም በደስታ አለቀሰች።

ሳንቲሙ እጇ እንደገባ ለሬይሊን ጻፈችላት። አግኝቼዋለሁ፣ እልክልዎታለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም፣ ስልኬም ይኸውና አለቻት። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ።

«ሬይሊን ነኝ» አለች የሴት ድምፅ። «በዚያ ጨረታ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!» አለች ቴልማ በኩራት።

«ከእኛ ጋር እኮ ነው የተጫረቱት።»

ቴልማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሬይሊን እንደነገረቻት እነሱም ያን ስም መፈለግ አላቆሙም ነበር። እናቷ አልጋዋ ላይ ሆና «ጨምሪ፣ ጨምሪ» ስትል የነበራቸው ሁሉ አለቀ።

«ምነው አንድ መስመር በጻፍኩልዎት!» አለች ቴልማ። «ለእርስዎ ነው የምጫረተው ብዬ አንድ መስመር ብቻ!»

«ቆይ፣ ይስሙኝማ። እናቴ አላዘነችም። ‹እንዲህ አድርጎ የሚፈልገው የገዛ ደሙ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? እንግሊዝ አገር ዘመድ አለኝ ማለት ነው› አለች። የአባቷን ወገን አንድም ሰው ሳታውቅ ነው ያረጀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷ በራ። እምቢ ያለችውን ምግብ ትበላለች። ነርሷም ስትመጣ፣ ፖስተኛውም ሲመጣ፣ ዘመድ አለኝ ትላለች። ሳንቲሙን የገዛው ሰው ጻፈልን ብያት አሁን ልታናግርዎ ከጎኔ ሆና ስልኩን እየጠበቀች ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክዎን፣ አዎ ይበሏት። ዘመዱ ነኝ ይበሏት። ምን ይጎዳዎታል?»

ቴልማ መልስ ሳትሰጥ ስልኩ እጅ ቀየረ። ቀጭን፣ ግን ደስ ያለው ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ በየት በኩል ነሽ? በወንድሙ ነው ወይስ በእህቱ?»

ቴልማ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ለእንዲህ ያለ ነገር መዋሸት ኃጢአት አልመሰላትም።

«ግዴለም፣ ብትነግሪኝም አላውቃቸውም» አለች አሮጊቷ እየሳቀች። «ደግሞ ሳንቲሙን እንዳትልኪው። ያንቺው ነው። በተወለደበት አገር፣ በገዛ ወገኑ እጅ ይቀመጥ። እኔ ሰው እንዳለው ካወቅሁ ይበቃኛል።»

ቴልማ ሳንቲሙን አየችው። አዎ ብትል ዊኒፍሬድ ዘመድ አላት፤ የአባቷ ስም ግን ምኑም ያልሆነች ሴት ቤት ይቀራል። አይደለሁም ብትል ስሙ ይሄድላታል፤ ዘመዷን ግን በራሷ አፍ ትገድልባታለች። ሁለቱንም መስጠት አይቻልም። እንደ ባልንጀራ የምታማክረው ወንድሟ እንኳ በዚያች ሰዓት አጠገቧ አልነበረም።

«እማማ» አለች፣ «ዘመዱ አይደለሁም። ሻጯ ነኝ። መጀመሪያ የሸጥኩልዎት እኔ ነኝ። በማይሆን ካርቶን ልኬ ያስቀረሁብዎትም እኔ ነኝ። የተጫረትኩት ልመልስልዎት ብዬ ነው።»

ከበስተኋላ ሬይሊን «ምን አለችሽ? እማ፣ ምን አለችሽ?» ትላለች።

«ሌላ የሚፈልገው ሰው አልነበረም ማለት ነው» አለች ዊኒፍሬድ።

«ከእርስዎ በቀር አልነበረም።»

«እኔና አንቺ ብቻ ነን የተሻማነው?»

«እኔና እርስዎ ብቻ።»

የአሮጊቷ ድምፅ አሁን የመጀመሪያው አልነበረም።

«እንግዲያው ላኪልኝ» አለች። «እኔው ልያዘው።»

ቴልማ በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄዳ በራሷ ስም፣ በራሷ ኃላፊነት፣ በቀጥታ ላከችው። ከገና በኋላ ከሬይሊን መልእክት መጣላት።

«ደርሷል። ቀኑን ሙሉ ጭኗ ላይ ነው፤ ስሙን በጣቷ ትሄድበታለች። ሰው ሲመጣ አባቴ ነው ብላ ታስዳስሳለች። ስለ ዘመድ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላነሳችም። አልተቀየምኩዎትም። ግን እባክዎ ደግመው አይጻፉልን።»

ቴልማ አልጻፈችላቸውም።