የእህቴ መቀስና የልጇ እግር

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ እሷ ሳወራ አጋነንክ ይሉኛል፤ ይበሉ። ሰው ከበር ሲገባ ገና አይታ ልኩን ታውቃለች። የልጆች ልብስ ስትሰፋ ደግሞ “ያድጋል እኮ!” እያለች እጥፋቱን ሰፋ አድርጋ ትተዋለች።

አንድ ልጅ አለቻት። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ከደረጃ ወድቃ ግራ እግሯ ጉልበቷ አጠገብ ተሰበረ። ስብራቱ ዳነ፤ እግሩ ግን እድገቱ ከቀኙ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። እህቴ የልጇን ሱሪ ሁለት እግሮች ለየብቻ መቁረጥ ያዘች፤ ግራውን አጠር፣ ቀኙን ረዘም። ማንም እንዳያውቅባት ነው። እኔ ከጎኗ ካውያ ይዤ ስተኩስ አያታለሁ፤ አንጀቴን ትበላኛለች።

ልጅቷ መመዘዝ ስትጀምር ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለችው።

“አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለው በዚህ ለስላሳ ክፍል ነው። እደጉ የሚለው መልእክት በደም ለሁለቱም እግሮች እኩል ይደርሳል፤ የሚያድጉት ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ነው። የግራው ስለተጎዳ ቀስ ይላል።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“የቀኙን እድገት በትንሽ ቀዶ ጥገና ጉልበቷ ጋ እናቆመዋለን። ግራው ይደርስበታል። ግን እድገቷ ሳያልቅ መሆን አለበት።”

“ደህናውን እግር?!” እህቴ ከወንበሯ ተነሳች። “አንዱ አነሰና ሌላውን ልትጨምሩልኝ? ተነሽ፣ ልጄ!”

ሱቅ ገብታም ቁጣዋ አልበረደም። አንድ እግሩ የረዘመ የደንበኛ ሱሪ እየተነጫነጨች ዘረጋችና ረዥሙን ልትቆርጥ መቀሷን አነሳች።

“እማ፣ ለምን አጭሩን አታስረዝሚውም?” አለች ልጅቷ።

“ጨርቅ ከየት...” ብላ መቀሷን አስቀመጠች። ልጇን አየቻት። “አንቺ ተንኮለኛ!”

“ፈርቻለሁ፣ እማ። ግን እፈልጋለሁ።”

እህቴ ፈቀደች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሟ በራጅ፣ እህቴ በሜትሯ ሲከታተሉ ኖሩ። ልኬታቸውን ሲያስተያዩ የአንድ ሙያ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ልጅቷ ሥራ ልትጀምር ሆነና ሱሪ አማራት። እህቴ እንደ ልማዷ አንዱን እግር ለብቻው ልታሰምር ጠመኔዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ጨርቁን ለሁለት አጠፈችና ሁለቱንም እግር ባንድ ላይ ቆረጠች። ከዚያም ቀና ብላ ሱቁን ለሞሉት ደንበኞች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ “የልጄ ነው!” አለች።