ሣር ያልለበሰው አፈር

የልጄ ልጅ ሺራ ወታደር ናት፤ ምልምሎች ታሠለጥናለች። ለሻባት፣ ለሰንበት ማለት ነው፣ ወደ ከተማችን ሐደራ ስትመጣ ናሓል ሐደራ ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ አብረን እንዞራለን፤ እኔን እግሬ ቤት አያስቀምጠኝም። ባለፈው አርብ አንዷ ምልምል በጠመንጃ አያያዝ ብትሳሳት፣ በሰልፉ ፊት እስክታለቅስ እንደወረደችባት አጫወተችኝ።

«ሳቭታ፣ ልክ ነኝ እኮ!» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው።

«ልክ ነሽ፣ የኔ ዓለም። እኔም ልክ ነበርሁ» አልኋት። የነገርኋት ይኸው ነው።

አገር ቤት፣ በወጣትነቴ ታጋይ ሳለሁ፣ ከጎንደር በስተሰሜን አንዲት ጉብታ ላይ እንድንመሽግ ትእዛዝ መጣ። አንዲት ጋንታ ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። ከከተማ የመጣው ተማሪ በላይነህ በዕረፍታችን ፊደል ያስቆጥረኛል። በዋዜማው ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤ «ሀ፣ ሁ» ስል አየኝ።

«ኧረ ወርቅነሽ፣ ፊደሎቹን በአናታቸው አቆምሻቸው፤ ያዞራቸዋል እኮ!»

ጋንታው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ቂም ያዘ።

ሊነጋጋ ሲል ምሽጋችንን ቆፍረን ጨረስን። የበላይነህን አየሁ። ያወጣውን ቀይ አፈር በጠላት በኩል ቆልሎ፣ ሣር ሳያለብሰው ተቀምጧል። እኛ የገበሬ ልጆች ትኩስ አፈር ከሩቅ እንደሚጣራ እናውቃለን፤ የከተማ ልጅ ከየት ያምጣው? ገና ድንግዝግዝ ነበር። በጆሮው ብነግረው ፀሐይ ሳትወጣ ይሸፍነው ነበር።

አልነገርሁትም። ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቆሎ ስንካፈል፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አስተማሪው! ‹እዚህ ነኝ፣ ተኩሱብኝ› ብለህ በቀይ ቀለም ጻፍህ እንዴ?» አልሁት። ሳቁ።

«እውነቷን ነው» አለ። ቆሎውን አስቀመጠ። ሣር ነጭቶ፣ ታቅፎ ወጣ። የጋንታ መሪያችን አያሌው «ተመለስ! ነግቷል!» ብሎ ጮኸ። አልተመለሰም፤ አፍሯል። ሁለት እቅፍ ጣለ። በሦስተኛው፣ አንድ ጥይት።

ጎትተን አስገባነው። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁት።

«ተሸፈነ?» አለኝ።

«ተሸፈነ» አልሁት። አልተሸፈነም ነበር።

ከዚያ የጠላት መትረየስ ጀመረ። ተኩሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ሲመሽ ጉብታዋን ለቀቅን። የሞቱብን አያሌው፣ መትረየስ ተኳሻችን ደሳለኝ፣ በላይነህ። ሦስት።

ሺራ ቆመች። ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ፣ «ስወርድባት አለቃዬ ቆሞ ያይ ነበር፣ ሳቭታ» አለች። እጇን ያዝኋት።

ሦስቱንም የገደላቸው ጠላት ነው። ስሕተቱም መነገር ነበረበት። እኔ ግን የተናገርሁት አፈሩ እንዲሸፈን ብዬ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው በላይነህ ባስቆጠረኝ ፊደል ነው። ዛሬም ከመጀመሬ በፊት ወረቀቱን በየት በኩል እንደያዝሁት አያለሁ።