ሰባ ዓመት የናፈቃት ሚና

ሌላው ሰው ዕድሜ ሲጨምር ይተክዛል፤ የእኛ ክለብ ሽማግሌዎች ግን ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ይጨፍራሉ። ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በአንድ ቀን በሚያስጨርሰው ውድድር ሰው የሚመደበው በዕድሜው፣ በየአምስት ዓመቱ ነዋ! ሰባ የሞላው ከስልሳ አምስት ዓመት ጎረምሶች ይገላገላል።

ሚና ፎርቲን፣ ከጎማ ፋብሪካ ጡረታ የወጣችው፣ ሰባን እንደ ሙሽራ ነው የጠበቀችው። በዚያ ዓመት ቅዳሜም እሁድም የሚካሄድ መንታ ውድድር ነበር። ከየዕድሜው ምድብ፣ የሁለቱ ቀን ሰዓት ተደምሮ ቀዳሚ የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ይላካሉ። ከሰባ በላይ የሆነች ሌላ ሴት በከተማችን ስለማትታወቅ ሚና ሻንጣዋን ቀድማ ገዛች።

ልምምዷን ያየ ሁሉ አማትቧል። የከተማችን የፖርት ኤልዛቤት ነፋስ ብስክሌቷን ወደ ትናንት ሲመልሰው እሷ ግን እየተሳደበች ወደ ነገ ትገፋዋለች። ባሏ በልብ ድካም ሞተ ይባላል፤ እኛ ግን "አንድ ጊዜ ለልምምድ ይዛው ወጥታ ነው" እንላለን።

የልምምድ ጓደኛዋ ጎረቤቷ ትሪንኪ ናት። ባልዲ ውስጥ እንደወደቀች ድመት ስትፍጨረጨር ዋና ያስተማረቻት ሚና ነች። ትሪንኪ "ስልሳ ስድስቴ ነው" ትላለች። ሳሬል የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ወዳጅ ይዛለች፤ እሱም "አሮጊት አግብቼ ሁለተኛ የሬሳ ሣጥን አልገዛም" ብሎ በአደባባይ ተናግሯል።

በውድድር ቀን ማለዳ አስተናባሪዎች የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ ባቱ ላይ በጥቁር ቀለም ይጽፋሉ። እስከ ቁርጭምጭሚት በሚሸፍን የዋና ልብስ የዋኘችው ትሪንኪ ከዋና እንደወጣች እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ካልሲ አጠለቀች። "ለደም ዝውውር ነው" አለች። ቅዳሜ ሚናን በአርባ ደቂቃ ቀደመቻት። ሚና ሳቀች። "ልጅነት ደግ ነው!"

እሁድ ሊመሽ ሲል፣ የሩጫው መጨረሻ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው፣ ሚና ጓደኛዋን አስፋልት ዳር ተዘርራ አገኘቻት። የባቷ ጡንቻ ተኮማትሮ ይዟታል።

"ሂጂ፣ ተይኝ ሚናዬ!"

"ዝም በይ! አንቺን ጥዬ የት ልሄድ?"

ተንበረከከች። ካልሲውን ወደ ታች ሳበችው። ሰባ አንድ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለሳሬል ብዬ ነው እኮ..."

"ትናንት በአርባ ደቂቃ የቀደምሽኝም ለሳሬል ብለሽ ነው?"

"ውጤቱ ሲነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ውጤቱ ሲነገርማ ማን አንቺን ይጠይቃል! ውሸታም አሮጊት! ምነው ያኔ ባሰመጥኩሽ!"

እየተሳደበች ባቷን እንደ ሊጥ አሸችው፤ ልትሰብረው ነበር ሐሳቧ። እጇ ግን ከፋብሪካ የመጣ እጅ ነው፤ በንዴት አሽታ አሽታ፣ ማንም ሐኪም የማይፈታውን ጡንቻ ፈታችው። ትሪንኪ የእግሯን ጣቶች አፍታታች። ተነሣች።

"እግዜር ይስጥልኝ እህቴ" አለችና እብስ።

ሚና ልትከተላት ፈለገች። ጉልበቶቿ ግን ለሁለት ቀን ሲለፉ ቆይተው አሁን ገና መንበርከክን ቀምሰዋል፤ መዘርጋቱን እምቢ አሉ። ከወደ መጨረሻው ድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ "የሰባ አንድ ዓመቷ ትሪንኪ ፔተርሰን!" ሕዝቡ በጭብጨባ ሰማይ ቀደደ።

አንድ አስተናባሪ መጥቶ ቆቡን አወለቀ። "ይጸልዩ ታኒ ሚና፣ አልረብሽዎትም" አለ፤ ታኒ ማለት እትዬ ነው።

"የምን ጸሎት! አንሣኝ!"

"ካነሣሁዎት ይሰረዛሉ። ደንብ ነው።"

"እንግዲያው ግፋኝ!"

"መግፋትም ክልክል ነው፣ ታኒ።"

የቀረውን መንገድ በአራት እግሯ ሄደችው። ከሁለት ተወዳዳሪ ሁለተኛ ወጣች።